አስም ይዞህ ለሰሊጥ ለምትወርድ ልጄ

ልጄ፣ ከደጋ ወደ መተማ ለአጨዳ በወረድክ ቁጥር መስከረም ላይ ደረትህ ይታፈናል፤ እንዲደርቅ የተከመረው ሰሊጥ (ሂላው) ረግፎ እስኪያልቅም አይለቅህም። የሣሩና የአረሙ ብናኝ፣ የሰሊጡ ገለባ፣ የሚቃጠለው ማሳ ጭስ በአንድ ወቅት ይመጡብሃል። የለፋህበት ገንዘብ ደግሞ ለመርፌና ለክኒን ያልቃል። እንደዚያ መሆን የለበትም።

1. ማስታገሻውንና መከላከያውን ለይ። ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ይከፍታል፤ ውስጡ ያለውን ቁጣ ግን አያበርድም። እሱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው ሲሻለው ይተወዋል፤ ከዚያ ሳልቡታሞል በሳልቡታሞል ላይ ሲገዛ ይከርማል። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሳልቡታሞል ብቻ መታከምን አይመክርም። መከላከያው በደንብ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሐኪምህን አማክረህ ነሐሴ ላይ ጀምረው። ከሳብክ በኋላ አፍህን ተጉመጥመጥ።

2. የጤና መድን ካርድህን ሳታድስ አትውረድ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው፤ የተሠራውም ለአንተ ዓይነቱ ደመወዝ ለሌለው ገበሬ ነው። ነገር ግን ካርዱ የሚያገለግለው ወረዳህ ውል በገባባቸው ተቋማት ነው፤ ቆላ ወርደህ ከታመምክ ላይጠቅምህ ይችላል። እዚያው ቀበሌህ ሳለህ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ መድኃኒቱ ከሌለ ሪፈር አጽፍ፤ ለወቅቱ የሚበቃህን ይዘህ ና። መዋጮውን መክፈል ካልቻልክ ቀበሌውን ጠይቅ፤ ለድሆች መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር አለ። ይህ መብትህ ነው፣ አትፈር።

3. ስትገዛ የመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒት ቤትን አስቀድም፤ ጎንደር ከደረስክ የቀይ መስቀልን ጠይቅ፤ የግሉን መጨረሻ አድርግ። ቬንቶሊን ማለት ሳልቡታሞል ነው፤ በመድኃኒቱ ስም ከጠየቅህ የረከሰውን ታገኛለህ። ድንበር ገበያ ላይ በፀሐይ ተሰጥቶ የሚሸጠውን አትንካ። የሚሳበው መድኃኒት ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም፣ የመተማን ሙቀት ደግሞ ታውቀዋለህ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አትተወው፤ ጥላ ሥር ከውኃው እንስራ አጠገብ አስቀምጠው። አንዱ መንፊያ በአብዛኛው 200 ጊዜ ይነፋል፤ መከላከያውን ጠዋት 2 ማታ 2 ከወሰድክ 50 ቀን ነው። የጀመርክበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ጻፍ።

4. ፕላስቲክ ጠርሙስ አትጣል። ያለ እሱ ከምትነፋው መድኃኒት ብዙው ጉሮሮህ ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር ንጹሕና ደረቅ የውኃ ጠርሙስ ወስደህ ቂጡን በመንፊያው አፍ ልክ ብሳ፤ መንፊያውን ሰክተህ ዙሪያውን በፕላስተር ድፈን። ጠርሙሱን አፍህ ላይ አድርገህ አንድ ጊዜ ንፋ፤ ከዚያ በዝግታ አራት አምስት ጊዜ ተንፍስ። ኬፕታውን ላይ ልጆችን ያከሙ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ የተደፈነው ጠርሙስ ለዚሁ ተብሎ ተሠርቶ ከሚሸጠው የመሳቢያ ዕቃ እኩል ሠርቷል። ድሃ አገር ለሚኖር አስመኛ ከዚህ የተሻለ ዜና አላውቅም።

5. ፕሬድኒሶሎንን በራስህ አትግዛ። ሲጠናብህ ሐኪም ለጥቂት ቀን ቢያዝልህ ሕይወት ያድናል፤ በየወቅቱ በራስህ ከወሰድከው አጥንትህን ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ በሽታ የመከላከል አቅምህን ያዳክማል፤ መተማ ደግሞ የወባና የካላዛር አገር ነው። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ከመወጋትህ በፊት አስም እንዳለብህ ተናገር፤ አንዳንዱን አስመኛ ያፍነዋል። ለሚፈስ አፍንጫህ ሴትሪዚን ይሻላል፤ ክሎርፌኒራሚን ያስተኛል፣ አንተ ደግሞ ማጭድ ይዘሃል።

6. ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተህ፣ ከንፈርህ ከጠቆረ ወይም ሳልቡታሞሉ ካልረዳህ እስኪነጋ አትጠብቅ። ሳልቡታሞሉን በጠርሙሱ ከ4 እስከ 10 ጊዜ፣ አንድ በአንድ እየነፋህ ሳብ፤ በየ20 ደቂቃው እየደገምክ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ገስግስ። መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ማሳው በገባህበት ቀን ለካቦው በሽታህን ንገረው፤ ሌሊት ማን ተሽከርካሪ እንዳለውና ስልኩንም ያኔውኑ ያዝ።