የአባቴን ጠመንጃ ሰደፍ ላሠራ?

ጥያቄ፦ አባቴ ሲያርፉ ምንሽር ትተውልኛል። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። አንድ አናጺ አሳጥሮ እንዲሠራልኝ አስቤ ነበር። ያስጠይቀኛል? (ከግራና፣ ሀብሩ ወረዳ)

መልስ፦ የአባትዎን ነፍስ ይማር። ሰደፍ አንገቱ ላይ ቀጭን ስለሆነ የተኩሱ ግፊት የሚያይለው እዚያ ነው። ለዓመታት ዘይት የጠጣ እንጨት ይለሰልሳል፤ ብሎኑ ሲላላም ብረቱ ወደ ኋላ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አይተኩሱበት።

በሕግ ዓይን ግን ከእንጨቱ በፊት ፈቃዱ ይቀድማል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መጠገንንም ይከለክላል። የአባትዎ ፈቃድ ቢኖርም የተሰጠው በስማቸው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አናጺው ነው፤ በቅንነት ሠርቶልዎ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያውን ይዘው መንገድ አይውጡ። ተቆልፎበት ይቀመጥ። መርሳ ወዳለው የሀብሩ ወረዳ ፖሊስ መሣሪያውን ሳይዙ ሄደው መውረስዎን ያስታውቁ፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የአባትዎን የፈቃድ ወረቀት ካለ ይያዙ። ጥገናው የሚጠየቀው ፈቃዱ በእርስዎ ስም ከወጣ በኋላ ነው፤ ያኔም ማሳጠሩን ይተዉትና ስንጥቁን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይየው። ወራሾቹ ብዙ ከሆናችሁ ወይም ክስ ከተነሳ ጠበቃ ያማክሩ። ጥይት ጎርሶ እንደሆነ ካላወቁ አይነካኩት፤ ለፖሊሶቹ ይንገሯቸው።