ተቀምጣ ለምትሠራ እናት የሚመች ማድ ቤት



ስለ ማድ ቤት ጽዳት ስናስተምር ዘወትር የምንናገረው ቃል አለ። «ምድጃውን ከመሬት ከፍ አድርጉት» እንላለን። ቃሉ እውነት ነው። ከመሬት ከፍ ያለ ምድጃ ላይ ሕፃን አይወድቅበትም፤ ዶሮና ድመት አይረግጡትም፤ የእናትንም ወገብ አያጐብጥም። ነገር ግን «እስከ ስንት ከፍ ይበል? ለማንስ?» ብለን ሳንጠይቅ ይህንኑ ምክር ሰጥተን አንዲትን እናት አስቸግረናል። ከስሕተታችን ያገኘነው ትምህርት ለእናንተም ይጠቅማልና ነገሩን ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን።

የሆነው በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ካሉበት አደባባይ ወደ ሠፈር ሲወርዱ መንገዱ ቁልቁለት ነው። በግቢው ውስጥ ቤቶቹ የጭቃ ነበሩ፤ ማድ ቤቱም በግቢው ጥግ የጐረቤት ሁሉ የጋራ ነበር። እኚያ እናት ከደረጃ ወድቀው አከርካሪያቸው ከተጐዳ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር (ሰው ዊልቸር በሚለው) ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማድ ቤታቸውን አልገቡበትም። እንጀራ የምትጋግረው የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው ነበረች። በሳምንት ሁለት ቀን ትጋግራለች፤ በእነዚያ ሁለት ቀኖች ደግሞ ትምህርት ቤት አትሄድም።

እኛም ልንረዳ ገባን። እንደ ተማርነው «ምጣዱ በመደብ ላይ ይውጣ» አልን፤ ግንበኛ ተጠርቶ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ሠራ፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ በላዩ ተቀመጠ። እናታችን የመጀመሪያዋን እንጀራ ሊጋግሩ ወንበራቸውን አስጠጉ። ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ተነሣ፤ ሊጡ በእጅጌያቸው ወረደ፤ አክንባሎው ሲከፈት እንፋሎቱ ፊታቸውን መታው፤ የምጣዱ መካከል ጭራሽ አይታያቸውም። ጣሳውን አስቀመጡና «ልጆቼ፣ ይህ እኮ የተሠራው ለእናንተ ቁመት ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር። መደቡ ፈረሰ፤ እኛም ከሀ ጀመርን።

ይህ የከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በገጠርም ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ወገቡ የተጐዳ፣ በልጅነቱ ልምሻ የያዘው፣ በእርጅና ጕልበቱ የከዳው ሰው አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። የእናንተን ማድ ቤት ግን የሚያስተካክለው የገዛ እጃችሁ ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ክር ብቻ ነው።

1ኛ. ክርና ቋጠሮ

ከመሥራታችሁ በፊት ለኩ። እናቲቱ በወንበሯ ላይ ተደላድላ ትቀመጥ። ረዘም ያለ ሲባጎ ውሰዱና የሲባጎውን ጫፍ መሬት አስነክታችሁ አራት ቋጠሮ ቋጥሩ። የመጀመሪያው ከመሬት እስከ ጕልበቷ አናት ነው። ሁለተኛው ከመሬት እስከ ክርኗ ነው። ሦስተኛው ከትከሻዋ እስከ ጨበጠችው እጇ ያለው ርዝመት ነው። አራተኛው እጆቿ ጎማውን እንደ ያዙ የወንበሩ ስፋት ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውንም ከዚያው ከጫፉ ጀምራችሁ ለኩ፤ እንዳይምታታም በየቋጠሮው ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ጨርቅ እሰሩበት።

ከዚህ በኋላ በግቢው ላይ ወንበሯን አንድ ጊዜ ሙሉ ታዙር፤ እናንተም ያዞረችበትን በአመድ አክብቡት። አብዛኛውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር 3 ክንድ ወይም 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በማድ ቤቱ መካከል ይህን ያህል ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ጋን፣ ጆንያ፣ በርጩማ፣ ሙቀጫ በዚያ ክብ ውስጥ አይቀመጥም።

2ኛ. መግቢያው

በሩ ከአራተኛው ቋጠሮ ሰፋ ይበል፤ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። መዝጊያውም ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ ከተከፈተ የማዞሪያውን ቦታ ይበላል፤ እሳት ቢነሣም መውጫ ይዘጋል።

የበሩ ደፍ ትንሽ ቢመስልም ለጎማ ትልቅ ግንብ ነው። ደፉን ማንሣት ካልተቻለ በድንጋይና በአፈር ደልድላችሁ ዘቅዛቃ መወጣጫ ሥሩ። ልኩ እንዲህ ነው፤ ለ1 ስንዝር ከፍታ 12 ስንዝር ርዝመት። 15 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ደፍ 1 ሜትር ከ80 ማለት ነው። ከዚህ ካጠረ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ጎማ እንዳያመልጥ ግራና ቀኙን በድንጋይ ከፍ አድርጉት፤ በዝናብ እንዳያንሸራትትም ገጹን አታለስልሱት። በአራዳው ግቢ ማድ ቤቱ የጋራ ስለ ነበር መወጣጫውን የሠሩት ጐረቤቶች ተሰብስበው በአንድ እሑድ ነው። ከተሠራ በኋላ እንስራና ጀሪካን ተሸክመው የሚገቡ እናቶች ሁሉ ተገለገሉበት።

3ኛ. ወለሉ

ወለሉ ደረቅ፣ ጠንካራና ወጣ ገባ የሌለው ይሁን። ሲሚንቶ ባይኖር በደንብ የተደቀደቀና የተለቀለቀ አፈር ይበቃል። ለቡና የሚጐዘጐዝ ቄጠማ በጎማው ላይ ይጠመጠማልና በመተላለፊያዋ ላይ አትጐዝጕዙ፤ ከጥግ በኩል ይሁን። ጎማው ከደጅ ጭቃና ፍግ ይዞ ስለሚገባ በበሩ አጠገብ እርጥብ ጨርቅ አስቀምጡና ሁልጊዜ ሳትገቡ ጥረጉት። እናቲቱም ጎማውን በእጇ ስለምትገፋ ምግብ ከመንካቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠብ። እግረኛ ጫማውን እንደሚያወልቅ ሁሉ ይህም ልማድ ይሁን።

4ኛ. የሥራው ተራ

ማድ ቤት በሥራው ተራ ከተሰናዳ ጉልበት ይቆጥባል። ዕቃ ከማስቀመጫው ይወጣል፤ ይታጠባል፤ ይከተፋል፤ ይበስላል፤ ይቀርባል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ማስቀመጫ፣ ውሃ፣ መክተፊያ፣ እሳት። ከመክተፊያ እስከ እሳት ያለው መደብ ሳይቋረጥ ቢቀጥል ድስቱን ሳታነሣ እየገፋች ታደርሳለች። ወንበር ለሚገፋ ሰው ሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ናቸውና፣ የሞላ ድስት ይዞ መሄድ አይችልም።

የመክተፊያው መደብ ከሥሩ ክፍት ይሁን፤ ጕልበቷ ይግባበት። የመደቡ ሆድ ከመጀመሪያው ቋጠሮ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ ገጹ ደግሞ ከሁለተኛው ቋጠሮ አይለፍ። በየቀኑ የምትይዛቸው ጨው፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ጭልፋ፣ ማማሰያ ከመሬት ከ40 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ባለው ቦታ ይቀመጡ። ጤፉ በኩንታል ጆንያ ሳይሆን በትናንሽ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ አይጥም አይደርስበትም፤ ለማንሣትም ይቀላል።

5ኛ. ምጣዱ

ዋናው ችግር ይህ ነው። እናቲቱ ከምጣዱ ፊት ለፊት ብትቀመጥ ጕልበቷ ይቀድማትና እጇ ከወዲያኛው ጠርዝ አይደርስም። ጕልበቷን ከእሳት ሥር ማስገባት ደግሞ አደገኛ ነው። ስለዚህ ወንበሯን ከምጣዱ ጐን ታስጠጋ። ምጣዱ በቀኟ፣ የሊጡ ቡሃቃ ፊት ለፊቷ፣ የወጣው እንጀራ ማረፊያ በግራዋ ይሁን። ግራኝ ከሆነች ይገልበጥ። እንዲህ ሲሆን ወንበሩን ሳታንቀሳቅስ ትቀዳለች፣ ታሰፋለች፣ በሰፌድ ታወጣለች።

የምጣዱ ገጽ ከክርኗ ቋጠሮ ትንሽ ዝቅ ይበል። በአራዳ የእናታችን ክርን 72 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ስለ ተገኘ ምጣዱን በ70 አደረግነው፤ የመጀመሪያው ስሕተታችን 90 እንደ ነበር አስታውሱ። ምጣዱ ራሱም አነስ ይበል፤ በ60 ሳንቲ ሜትር ፈንታ ከ45 እስከ 50 ቢሆን ክንዷ ይደርሳል። ከባዱን የሸክላ አክንባሎ በቀላል ቆርቆሮ ለውጡት፤ እጀታውም እንጨት ይሁን። ክዳኑ ሲነሣ የሩቁ ጠርዝ መጀመሪያ ይከፈት፤ እንፋሎቱ ከፊቷ ይሸሻል።

በእንጨት ለምትጋግሩ ምርጥ የሚባለው ምጣድ ከጉልቻ እጅግ ያነሰ እንጨት ይፈጃል፤ ነበልባሉንም ይከልላል። በመደብ ላይ ስታወጡት የእሳቱ አፍ ወደ እናቲቱ አይዙር፤ ወደ ኋላዋ በኩል ይዙር። እንጨት መጨመር ስትፈልግ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ትገፋና ትጨምራለች፤ ፍሙም በጭኗ ላይ አይወድቅም። ለጢሱ መውጫ ጭስ ማውጫና ትይዩ መስኮት አብጁ፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ጢስ ሲበዛበት ፈጥኖ መሸሽ አይችልምና። ኤሌክትሪክ ያላችሁም ሽቦው በወለል ላይ አይጋደም፤ ጎማው እየረገጠ ይልጠዋል።

6ኛ. ውሃው

ባለ ቧንቧ ጀሪካን ወይም በርሜል በክርኗ ከፍታ ይቀመጥ። የታጠበበት ውሃ በቱቦ ወደ ውጭ ጉድጓድ ይውረድ፤ ወለል ላይ የፈሰሰ ውሃ ጎማን ያንሸራትታል፤ ዝንብንም ይጠራል።

7ኛ. ሁለት አደጋዎች

ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ልምሻ የያዘው ሰው እግሩ ባይታዘዘውም ሕመም ይሰማዋል። አከርካሪው የተጐዳ ሰው ግን ላይሰማው ይችላል፤ እግሩ እየተቃጠለ ሳያውቅ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ትኩስ ድስትም ሆነ የፈላ አብሲት በጭን ላይ ከቶ አይቀመጥ። ሲሠሩ ጭንን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን ይገባል፤ ተንጠልጥሎ እሳት የሚነካ ነጠላ ግን አይለበስ። ቃጠሎ ከደረሰ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ።

ሁለተኛው የመቀመጫ ቁስል ነው። ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ሥጋን ይጫናል፤ ደም ይከለክለዋል፤ ቈዳው ይቀላል፤ ይቈስላል፤ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። እንጀራ ጋገራ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል እናቲቱ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በእጆቿ ተደግፋ መቀመጫዋን ታንሣ፤ ወይም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትዘንበል። ሦስት አራት እንጀራ በወጣ ቍጥር አንድ ጊዜ ብታደርገው አትረሳውም። ከሥሯም የስፖንጅ ትራስ ይኑር። ማታ ማታ መቀመጫዋንና ተረከዟን በመስተዋት ትይ፣ ወይም የቤት ሰው ይይላት። ቀይ ምልክት ከታየና ካልጠፋ በዚያ ወገን አትቀመጥ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም አማክሩ።

የመጨረሻ ቃል

መደቡ በልኩ ከተሠራ በኋላ እናታችን በቀን ስድስት እንጀራ መጋገር ጀመሩ። ድሮ ከሚጋግሩት ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ዋለች። እርሳቸውም «በቤቴ እንግዳ ሆኜ ከርሜ ነበር» አሉን። አንዳንድ ሰው «አንቺማ ተቀመጪ፣ እኛ እንሠራልሻለን» ማለት ደግነት ይመስለዋል። ለጊዜው ደግነት ነው፤ ሲዘወተር ግን እናትን ከማጀቷ ያስወጣል፤ ልጅንም ከትምህርቷ ያስቀራል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ያ ግቢም ፈረሰ፤ ያ በስንት ድካም የተስተካከለ መደብም አብሮ ሄደ። ቤተ ሰቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ገባ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ አናጺው የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ እግር እየቈረጠ አገኘነው። በእጁ የያዘው ሜትር አልነበረም፤ ያ አራት ቋጠሮ ያለው ሲባጎ ነበር።

እናንተም ለክታችሁ ክሩን በማጀታችሁ ምስማር ላይ ስቀሉት። ግንበኛ ሲመጣ፣ አናጺ ሲመጣ፣ ቤት ስትለውጡ ክሩን ስጡት። መደብ የሚሠራው ተቀምጣ ለምትሠራበት ሰው ነው፤ ልኩም ከእርሷ ይነሣል።