ለፋሲካ ብቻ አትምጣ

ልጄ፣ ልብህ ደግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ችግርህ መዘናጋት ነው። አዲስ አበባ ሥራ ከያዝክ ወዲህ ቆቦ የምትደርሰው ለበዓሉ ዋዜማ ነው። በግ ታስገዛለህ፣ ትበላለህ፣ ትመለሳለህ። ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ወደ ቤትህ ተመለስ ሲልህ ከርሞ አንተ የምትሰማው የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ነው። የምልህን አዳምጠኝ፤ ደግሜ አልመክርህም አልልም፣ መድገሜ አይቀርም።

1. ከመጾምህ በፊት ታረቅ። ሆዱን ከምግብ አራቁቶ በቂም የሞላው ሰው ጾመ አይባልም። በእኛ በራያ ዘወልድ የሚባለው የእርቅ ሸንጎ ተቀምጦ ደም እንኳ ይደርቃል፤ የገዳይና የሟች ወገን ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ። አንተ ግን በመስኖ የጎርፍ ውኃ ተራ ከአጎትህ ልጅ ጋር ተኳርፈህ ይኸው ሰላምታ እንኳ የላችሁም። ቅበላ የሥጋ መሰናበቻ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ሂድና አንተ ቅደም፣ በዳዩ እሱ ቢሆንም። ለሽምግልና ስቀመጥ መኖሬ ይህንን አስተምሮኛል፦ ትልቅ የሚመስለው ጥል ሲፈታ ከሥሩ የሚገኘው ያልተደረሰበት ለቅሶ ወይም ያልተመለሰ ሰላምታ ነው። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሌላ ተጨምሯል። በ2013 እና በ2014 ማን ሸሸ፣ ማን ቀረ፣ የማንን እህል ማን ነካ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ። እሱን ይዘህ ቅዳሴ አትግባ።

2. ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምር። «ከሁለተኛዋ ሳምንት፣ ከቅድስት፣ እይዛለሁ» ስትል ሰምቼሃለሁ። የመጀመሪያዋ ሳምንት ጾመ ሕርቃል ትባላለች። የቢዛንታይኑ ንጉሥ ሕርቃል በ7ኛው መቶ ዓመት ፋርስ የወሰደችውን የጌታን መስቀል አስመልሷል፤ ያችን ሳምንት ክርስቲያኖች የጾሙት ለእሱ ነው ይላሉ አባቶች። እንግዲህ የጾሙ ደጃፍ ላይ የሚነገረው መስቀሉ ወደ አገሩ የመመለሱ ታሪክ ነው። ደጃፉን ዘለህ በየት በኩል ልትገባ ነው?

3. እሑዶቹን በስማቸው እወቃቸው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። የኳስ ተጫዋች ስም በቃልህ ስታወርድ ስለሰማሁህ ስምንት ስም ይከብደኛል አትለኝም። እያንዳንዷ የራሷ ወንጌል አላት። መጻጉዕ ላይ 38 ዓመት ከአልጋው የተጣበቀው ሰው «ልትድን ትወዳለህን?» ተብሎ ተጠየቀ። ጥያቄው ሞኝ ይመስላል፤ ግን ሕመሙን ለምዶት መዳንን የሚፈራ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ኒቆዲሞስ ደግሞ ሰው እንዳያየው በሌሊት ነው ወደ ጌታ የሄደው። ጌታም ለምን በጨለማ መጣህ ብሎ አልመለሰውም። ያ በሌሊት የመጣ ሰው የስቅለት ዕለት ሌሎቹ ሲሸሹ ከርቤና እሬት ይዞ ሊገንዘው ቀረበ። አንተም የምታፍርበት ነገር ካለ ለነፍስ አባትህ በሌሊት ደውልላቸው። ይቆጡሃል፤ ቁጣቸው ግን እንደምታስበው አይደለም።

4. የጾሙን ገበታ አታሳምር። ሽሮ፣ ተልባ፣ ስልጆ፣ የማሽላ እንጀራ ይበቃል። ከተማ ውስጥ የጾም ምግብ ከፍስኩ በልጦ ሲያስወጣ ሳይ ይገርመኛል። ከሥጋና ከቅቤ የተረፈው ገንዘብ የአንተ አይደለም። ቆላው ላይ ዝናብ በጎደለ ዓመት መጋቢት ሲገባ ጎተራው የሚራቆት ቤት ከደጃችን አይታጣም፤ እናትህን ጠይቃት፣ የማን እንደሆነ ትነግርሃለች። ገንዘቡን ለዚያ ቤት በስልክ ላከው፣ ለማንም አታውራ።

5. ጾምህን ጎረቤት ላይ አታንግሥ። በራያ ክርስቲያኑና እስላሙ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ አብሮ ይቀባበራል፤ ለሰርግ ሲታረድ ለየብቻ ይታረዳል እንጂ ደስታው አንድ ነው። በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ገባ፣ የረመዳን ጾም ደግሞ በዚያው ሳምንት ተከተለ። ያን ሰሞን ቀን ላይ ቡና የማይጠጣው ማን እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ለእኔ ደስ ያለኝ ጊዜ ነው። ማፍጠሪያ ላይ ቢጠሩህ ሂድ፤ የማትበላውን ያውቃሉ፣ ቴምሩን ያቀርቡልሃል። የእኔ ጾም ይበልጣል የሚል ክርክር ግን ከጀመርክ የዚያን ቀን በልተህ ብትውል ይሻልህ ነበር።

6. ሰዓቱን ጠብቅ። በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከበሮና ጸናጽል ተቀምጦ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይባላል። እስኪቀደስ ሳይበሉ መዋል በቆቦ የመጋቢት ሙቀት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ከታመምክ ወይም ሥራህ ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ የነፍስ አባትህን አማክር፤ ለራስህ ራስህ አትፍረድ፣ አንዴ ታጠብቀዋለህ አንዴ ታላላዋለህ።

7. ሰሞነ ሕማማትን እዚህ ሁን። ፈቃድህን ከአሁኑ ጠይቅ። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የስቅለት ማግስት መኪና አይገኝም። የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን አብረኸን ብላ፤ ዓርብ ከሕዝቡ ጋር ስገድ፣ የወይራ ቅጠል ጀርባህን ይንካህ። በዚያ ሳምንት መሳሳምም መጨባበጥም የለም፤ አያትህ ሳትስምህ ብታልፍ እንዳትከፋ።

8. ከፋሲካ በኋላ አትጥፋ። 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ያን ጊዜ ብዙ ወጣት ከጾሙ ጋር ጸሎቱንም ይፈታል። አንተ ማታ ማታ አባታችን ሆይን አትተው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት፣ ሰኞ፣ የሐዋርያት ጾም ይገባል። የቄሶች ጾም ነው የሚሉህን አትስማ፣ ያንተም ነው።