ከጎርጎራ በጀልባ ለሚጓዙ መንገደኞች፦ ስለ ልብስና ስለ ጓዝ የተዘጋጀ ማሳሰቢያ

ከጎንደር በአዘዞ ወርደው፣ ኮላ ድባን አልፈው፣ ጎርጎራ ላይ ጀልባ የሚሳፈሩ ሁሉ ሻንጣቸውን ከመዝጋታቸው በፊት ይህን ማሳሰቢያ ቢያነቡት ይጠቀማሉ። የጎንደርን ብርድ የለመደ ሰው ወፍራም ልብስ ያበዛል። ከሩቅ ለሽርሽር የሚመጣው ደግሞ «አገሩ ቆላ ነው» ብሎ ቁምጣና እጅጌ አልባ ልብስ ብቻ ይይዛል። ሁለቱም ጣና ላይ ይቸገራሉ።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ሐይቅ ነው። ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ ሲመሽ በዳርቻው የወባ ትንኝ ይነሣል፤ ደሴቶቹ ደግሞ የገዳማት መኖሪያ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን ልብስ ከመያዝዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። ከፀሐይ ይከልላል ወይ? ቢረጥብ ቶሎ ይደርቃል ወይ? ከትንኝ ይጠብቃል ወይ? ቤተ ክርስቲያን ያስገባል ወይ? ከአራቱ ለአንዱም የማይሆን ልብስ ቤት ይቅር።

ከመነሣትዎ በፊት

1. የመንገዱን ሰላም፣ የጀልባውን መነሻ ቀንና ሰዓት በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች ያጣሩ። የሚያድሩ ከሆነ የት እንደሚያድሩም ይወቁ። የልብሱ ብዛት የሚወሰነው በዚህ ነው።

2. የሚሄዱበትን ገዳም ሥርዓት አስቀድመው ይጠይቁ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት አጠገብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን ወንዱም ሴቱም የሚሳለመው ነው። ይህን ሳያውቁ የሚነሡ ቤተሰቦች አሉ። ወንዶቹ ወደ ገዳሙ ሲወጡ እናትና ልጃገረዶች ያለ ጥላ ጀልባው ላይ ቁጭ ብለው በቀትር ፀሐይ ይጠብቃሉ። አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ግን ወይ መንገዱን ሴቶችም ወደሚገቡበት ገዳም ያደርጋል፤ ወይ ጃንጥላና በቂ የመጠጥ ውሃ ይይዝላቸዋል።

3. ወቅቱን ያስተውሉ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል፤ ስስ ልብስ ይበቃል። ለሐምሌ 7 የሥላሴ ንግሥ የሚጓዝ ግን የዝናብ ልብስና ቦቲ ጫማ ያስፈልገዋል። ወደ ጎርጎራ የሚያልፉበት የደምቢያ ሜዳ ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ተራ ጫማን ይዞ ያስቀራል።

ይያዙ

1. ረጅም እጅጌ ያለው፣ ስስና ነጣ ያለ የጥጥ ሸሚዝ። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ፀሐዩ ቆዳን ይበልጥ ይጎዳል። ሐይቅ ላይ ደግሞ ብርሃኑ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከውሃው ተመልሶ አገጭንና አንገትን ከሥር ይመታል። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

2. ሰፊ ክፈፍና የአገጭ ማሰሪያ ያለው ባርኔጣ። ማሰሪያ የሌለውን ነፋስ ይወስደዋል። የበረረ ባርኔጣ ለመያዝ ከጀልባው ጎን ማዘንበል ደግሞ ለአደጋ ይዳርጋል።

3. ለሴት ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ለወንድ ረጅም ሱሪና ነጠላ። ነጠላውን ከጀልባ እስኪወርዱ ድረስ አይልበሱት። ለብቻው አጥፈው፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ከሻንጣው አናት ላይ ያስቀምጡት። ነፋስ በሚመጣበት በኩል የተቀመጠ ሰው በፍንጣቂ ይርሳል። ነጠላው ከረጢት ውስጥ ከቆየ ግን ደሴቱ ሲደርሱ በደረቁ አጣፍተው ለመሳለም ይደርሳሉ።

4. አንድ ጋቢ ወይም አንድ ሹራብ። ማለዳ በሚነሣ ጀልባ ላይ ይበርዳል፤ ዳርቻ ላይ ማደርም ብርድ አለው። ሁለቱንም መያዝ ግን ትርፍ ሸክም ነው።

5. አንድ ሙሉ ቅያሪ፣ ከውስጥ ልብስና ከካልሲ ጋር። በደንገል ታንኳ አጭር ርቀት እንኳ የሚሻገር ሰው መቀመጫው መርጠቡ አይቀርም። ለሕፃናት ቅያሪው ሁለት ይሁን።

6. በቀላሉ የሚወልቅ፣ የማያንሸራትት፣ ሽፍን ጫማ። ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጫማ ተወልቆ ስለሆነ ብዙ ማሰሪያ ያለው አይመችም። ከጀልባ ወደ ድንጋያማ ዳርቻ ሲረግጡ ደግሞ ተረከዝ ያለው ጫማ ይጥላል።

7. ለምሽት ረጅም ሱሪ፣ ካልሲና ረጅም እጅጌ ልብስ፤ ለመኝታ አጎበር። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የደምቢያ ሰው ይህን በመከራ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል። በዓመቱ ጎንደር ላይ የተከፈተውና ለዛሬው ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከዚያ እልቂት በኋላ የመጣ ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጓዙ «ለአንድ ሌሊት ነው» ብለው ቸል አይበሉ።

8. ላይፍ ጃኬት። ጀልባው ላይ መኖሩን ሳይሳፈሩ ይጠይቁ፤ ከሌለ አይሳፈሩ። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ በጭንቅላቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። በልኩ የሆነውን አልብሰው ማሰሪያዎቹን ሁሉ ያጥብቁለት።

አይያዙ፣ አያድርጉ

1. ጋቢ ተከናንበው ላይፍ ጃኬት ከላዩ አይደርቡ፤ ጋቢው ሰውነት ላይ ተጠምጥሞም አይጓዙ። የተፈተለ ጥጥ ብዙ ውሃ ይመጥጣል፤ ውሃ ውስጥ የገባ ጋቢ ክንድ ይይዛል፣ እግር ይጠላልፋል፣ ወደ ታች ይጎትታል። ጃኬቱ ከሸሚዝ ላይ በቀጥታ ይታሰር። ከበረደ ጋቢው ከውጭ በትከሻ ላይ ጣል ይደረግ፤ ነፋስ ሲነሣ ቶሎ ይውረድ።

2. ቁምጣ፣ አጭር ቀሚስ ወይም ገላ የሚያሳይ ልብስ ለብሰው ገዳም አይሂዱ። አባቶች በትሕትና ዝም ቢሉ እንኳ ቦታው የጸሎት ቦታ መሆኑን እኛው ልናስታውስ ይገባል።

3. ጂንስ ብቻ ይዘው አይውጡ። ከረጠበ ይከብዳል፣ ለመድረቅ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

4. ወርቅና ውድ ጌጥ አይያዙ። ጣና ውስጥ የወደቀ ቀለበት አይገኝም።

5. ሱሪ ሰብስበው ወደ ውሃው አይግቡ፤ ልጆችንም አያስገቡ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ ባለ ጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ክፍት ጫማ አይከላከለውም። መውረድ ግድ ከሆነ ረጅም ቦቲ ይልበሱ፤ ውሃ የነካውን ገላ ወዲያው በደረቅ ፎጣ አሽተው ያድርቁ።

6. የቆሸሸ ልብስ በሳሙና ወይም በኦሞ ሐይቁ ውስጥ አይጠቡ። ልብስ የጠቀለሉበትን ፌስታልም አይጣሉ። ከዚህ ውሃ የሚጠጣ ሕዝብ፣ ከዚህ ዓሣ የሚያጠምድ ቤተሰብ አለ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል።

7. እምቦጭ በጫማዎና በልብስዎ ይዘው አይሂዱ። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ካገኛቸው ዳርቻዎች አንዱም ይኸው የደምቢያ ወገን ነው። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ከጀልባ ሲወርዱ የጫማዎን ሶል፣ የሱሪዎን ጫፍና የጓዝ ገመዱን ይመልከቱ። የተጣበቀ ቅጠል፣ ሥር ወይም ጭቃ ካለ ከውሃው ርቀው ደረቅ መሬት ላይ ያራግፉት። «አበባው ያምራል» ብሎ ለማስታወሻ መቅጠፍና ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ኩሬ መውሰድ ፍጹም የተከለከለ ይሁን።

ሲመለሱ

1. ልብሱን ቤትዎ አጥበው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁ። ጫማውንም ጭቃውን አራግፈው ያጽዱ።

2. ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ። በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ጣና ዳር ማደርዎንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

የጀልባ ባለቤቶችና አስጎብኚዎች ይህን ማሳሰቢያ ሰው ከመሳፈሩ በፊት እንዲያነቡለት፣ የየሰንበቴውና የየማኅበሩ ጉዞ አስተባባሪዎችም ምዝገባ ሲጀምሩ እንዲያስታውቁ እንጠይቃለን። ጓዝዎን ያቅሉ፣ ሰውነትዎን ይሸፍኑ፣ ላይፍ ጃኬትዎን ይታጠቁ፣ ሐይቁን ንጹሕ አድርገው ይመለሱ። መልካም ጉዞ።