ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላንና የደጋው አየር

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን ከጭላሎ በላይ አውሮፕላን ሲያልፍ አንድ ተማሪ ጓደኛችንን፣ «መምህር፣ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው ብለውናል፤ ታዲያ አውሮፕላን በምን ይነሣል?» ሲል ጠየቀው። ጓደኛችን «ይህ በመጽሐፋችን የለም» ብሎ አለፈው። ማታ ስንወያይ ሁላችንም ከዚያ የተሻለ መልስ እንዳልነበረን ተረዳን። ስለሆነም ጥናት አደረግን።

እንደሚታወቀው የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ኤር ኤክስፕረስ የተባለው ባለ አንድ ሞተር የሎክሂድ አውሮፕላን ሞተሩ ዙሪያውን ለስላሳ ሽፋን ቢደረግለት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት ከ253 ወደ 285 ኪሎ ሜትር አደገ። ሞተሩ ያው ነው፤ የቀነሰው የአየሩ እንቅፋት ነው። ይህንን ለማሳየት ሁለት እኩል ወረቀቶች ይበቃሉ። አንዱን አድቦልቡሉት፣ ሌላውን እንደተዘረጋ ተዉት፤ ከዚያ አብራችሁ ልቀቋቸው። ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ የተድቦለቦለው ይቀድማል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች አንዲት ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በረረች። የሠራት የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ ሲሆን፣ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ሞተሯ ግን ከውጭ የመጣ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ነበር።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንምጣ። አዲስ አበባም አሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ከስምጥ ሸለቆው ቆላ የመጣ ሰው አሰላ ላይ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል አይደል? ሞተርም እንደዚሁ ነው። ነዳጁን የሚያቃጥልበት አየር ስለሚያንሰው፣ ሒሳቡን ስንሠራው የ115ቱ ጉልበት ወደ 90 ገደማ ይወርዳል። ክንፉም ቢሆን በስስ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ይነሣል፤ ነገር ግን ረዘም ያለ ሜዳ ሮጦ ነው።

ፀሐይ ብዙ ሳትበር ጣሊያኖች በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ፤ አውሮፕላኗንም ወደ አገራቸው ወሰዷት። ከሮም በስተሰሜን በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

ይህንን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው ለኩራት ያህል ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ትምህርት አለበት፤ የሚጠይቀውም ሁለት ወረቀትና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነው። ጓደኛችን በማግስቱ ሄዶ ልጁን ይቅርታ ጠይቆ አስረድቶታል።

ለአንባቢያን ጥያቄ፦ ስስ አየር የሞተሩን ጉልበት ቢቀንስም እንቅፋቱንም ይቀንሳል። ታዲያ ለፀሐይ የደጋው አየር ጉዳት ነበር ወይስ ጥቅም? ስትነሣና ከተነሣች በኋላ ያለውን ለየብቻ አስቡት። መልሱን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለን።