ኤሊ ጌታዋን ታውቃለችን?

በአገራችን ስለ ሰውና ስለ እንስሳ ወዳጅነት ሲነገር አስቀድመው የሚነሡት ፈረስ፣ በሬና ውሻ ናቸው። የደብረ ታቦር ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ከተማይቱን መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» እየተባሉ ይጠሩ የነበረው በፈረሳቸው ስም ነው። ጌታው በፈረሱ ስም እስኪጠራ ከደረሰ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ቅርበት ምን ያህል እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ንጉሡ ለማዳ አንበሶችም ነበሯቸው፤ በአንበሶች ተከበው እንግዳ ሲቀበሉ የሚያሳየው በአውሮፓ የታተመ ሥዕል እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ይታያል። ከቤተ መንግሥት ወጥተን ወደ ፋርጣ ወይም ወደ ጋይንት እርሻ ስንሄድ ደግሞ፣ ገበሬው ከሞፈሩ ኋላ ሆኖ በሬዎቹን ቦራ፣ ዳልቻ እያለ በስማቸው ሲጠራ እንሰማዋለን።

ታዲያ ከእነዚህ አጠገብ ኤሊን ብናቆማትስ? ኤሊ አትጮኽም፤ ጭራዋን አትቈላም፤ ጌታዋን ተከትላ አትሮጥም። ነገር ግን ኤሊ በግቢያቸው የሚያሳድጉ ሰዎች «ታውቀኛለች፣ ሳያት ትመጣለች» ሲሉ ይሰማሉ። በአዲስ አበባ በአንዳንድ ግቢ ኤሊ ስትሄድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከቆላ የመጣ ሰውም ኤሊ ይዞ ለወዳጁ በስጦታ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ «ኤሊ ጌታዋን ታውቃለችን? ብታውቅስ ትወደዋለችን?» የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ ብቻ አይደለም። መልሱን ሳናውቅ ኤሊ የምናሳድግ እንደ ሆነ፣ በፍቅር ስም የምንጐዳው ያችኑ ወደድናት የምንላትን እንስሳ ነው።

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች እንጂ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት አይደለንም። ስለዚህ ጥናታችንን ከቃል እንጀምራለን፤ ከዚያም ሊቃውንቱ በሙከራ ያገኙትን እንመለከታለን።

ሀ) «ለማዳ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከሰው ጋር የሚኖረውን እንስሳ «ለማዳ» እንለዋለን። ቃሉ የተገኘው «ለመደ» ከሚለው ግሥ ነው፤ «ልማድ»ም ከዚያው ነው። እንግዲህ አማርኛችን በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ነው ለማለት እንችላለን። እንስሳው ሰውን «ወደደ» አላለም፤ «ለመደ» አለ እንጂ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌም ቢሆን የሚጀምረው ከመብሉ ነው።

ለዚህ ጥናት እንዲያመቸን ሦስት ግሦችን እንለይ። የመጀመሪያው «ማወቅ» ነው፤ ይኸውም አንዱን ሰው ከሌላው ለይቶ ማስታወስ ነው። ሁለተኛው «መልመድ» ነው፤ ይኸውም ሰውየው ሲመጣ አለመፍራትና ከእርሱ የሚገኘውን መጠበቅ ነው። ሦስተኛው «መናፈቅ» ነው፤ ይኸውም መብል ባይኖርም ሰውየውን ራሱን መፈለግ፣ ሲለይም ማዘን ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው እነዚህ ሦስቱ በአንድ «ፍቅር» በሚል ቃል ሲጠቀለሉ ነው።

ለ) ኤሊ ለማወቅ ትችላለች

በዚህ ነገር ከተጻፉት ሁሉ የታወቀው የእንግሊዛዊው ቄስ የጊልበርት ዋይት ማስታወሻ ነው። አክስቱ ቲሞቲ የተባለች ኤሊ ነበረቻቸው። ስሟ የወንድ ይሁን እንጂ ሴት መሆኗ የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። ዋይት እ.ኤ.አ. በ1789 ዓ.ም. ባሳተመው የሴልቦርን የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ፣ ኤሊዪቱ ከ30 ዓመት በላይ የመገቧትን አሮጊት ስታይ እየተንገታገተች ወደ እርሳቸው ትሄድ እንደ ነበር፣ ሌላውን ሰው ግን ከቁም ነገር እንደማትቈጥር ጽፏል።

ሁለተኛው ምስክር በሴንት ሄሌና ደሴት የኖረው ጆናታን ነው። ወደ ደሴቲቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1882 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተፈለፈለው በ1832 ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። ይህ ከሆነ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባረፉበት በ1860 ዓ.ም. እርሱ የ36 ዓመት ጐልማሳ ነበረ ማለት ነው። በስተርጅና ዐይኑ ጠፍቶ፣ የማሽተት ኀይሉም ደክሞ ሳለ፣ በእጃቸው የሚያጐርሱትን የእንስሳት ሐኪም ድምፅ ይለይ እንደ ነበር ሐኪሙ ተናግረዋል። ኤሊ ወደ ውጭ የወጣ ጆሮ ባይኖራትም ዝቅ ያለ ድምፅ ትሰማለች፤ የእግር ኮቴም በመሬት በኩል ይሰማታል። ዐይኗ ቀለም ይለያል፤ አፍንጫዋም ጥሩ ነው።

ምስክርነት ብቻውን አይበቃም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሙከራም ተደርጓል። በቪየናና በዙሪክ የእንስሳት ማቆያዎች ታላላቅ ኤሊዎች ቀለም የተቀባ ኳስ ሲነክሱ መብል እንዲያገኙ ተደርገው ተማሩ። ከሦስት ወር በኋላ ሲፈተኑ ትምህርቱን አልረሱም። በቪየና የነበሩት ሦስቱ ደግሞ ከ9 ዓመት በኋላ ኳሱ ሲቀርብላቸው መንከስ እንዳለባቸው አስታወሱ። የዚህ ጥናት ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ነው። እንደዚሁም ገና የተፈለፈሉ ትንንሽ ኤሊዎች አብሯቸው ያደገውን ኤሊ ከማያውቁት ለይተው እንደሚያውቁ በ2018 በታተመ ሌላ ሙከራ ታይቷል። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት የሚያስታውስ እንስሳ፣ በየቀኑ ጎመን የሚያቀርብለትን ሰው ለይቶ ቢያውቅ የሚያስገርም አይሆንም።

ሐ) መናፈቅ ግን ሌላ ነው

ጥጃ ከላም፣ ቡችላ ከእናቱ ጡት ሥር ያድጋል። ከእናቱ ሲለይ ይጮኻል፤ ስትመጣ ይረጋጋል። ውሻ ሰውን ሲወድ ይህንኑ የልጅነት ትስስር ወደ ሰው ያዞረዋል ለማለት ይቻላል። የኤሊ አፈጣጠር ግን ከዚህ የተለየ ነው። እናቲቱ መሬት ቆፍራ እንቍላሏን ትጥላለች፤ አፈር መልሳባት ትሄዳለች። ልጆቹ ሲፈለፈሉ የሚጠብቃቸው ወላጅ የለም፤ የሚያጠባቸው፣ የሚያቅፋቸው የለም። በመንጋም አይኖሩም። ጠርታው የምትመጣለት እናት ያልነበረችው ፍጥረት፣ ብቻውን መሆን እንደ ሥቃይ አይሰማውም ብለን ብንገምት ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነን በጎረቤታችን በኬንያ የሆነው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ታላቁ የባሕር ማዕበል በደረሰ ጊዜ ከመንጋው የተለየ አንድ የጉማሬ ግልገል ተገኘና በሞምባሳ ወደሚገኘው ሃለር ፓርክ ተወሰደ። ስሙ ኦዌን ይባላል። በዚያም ምዜ የሚባል ሸምገል ያለ ታላቅ ኤሊ ነበረ። ግልገሉ ከኤሊው ኋላ ተሸሸገ፤ አብሮት ይበላ፣ አብሮት ይተኛ ጀመር። ዓለም ሁሉ በፎቶግራፍ ያየው ወዳጅነት ይህ ነው። ልብ እንበል፤ እናት ፈልጎ የተጠጋው አጥቢው ጉማሬ ነው። ኤሊው በመጀመሪያ ሸሸ፤ በኋላ ለመደ። ናፍቆት ከአንዱ ወገን፣ ልማድ ከሌላው ወገን ሆኖ ሁለቱም በሰላም ኖሩ። በሰውና በኤሊ መካከል የሚሆነውም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው፤ የጉማሬውን ቦታ የምንይዘው እኛ ነን።

ይህን ስንል ኤሊ ስሜት የላትም ማለታችን አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሊንከን ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በተመቻቸ ስፍራ የሚኖሩ ኤሊዎች አዲስ ነገር ሲገጥማቸው በጎውን የመጠበቅ ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይቷል። የምናደርግላት ደግነት ያልፍላታል ማለት ነው። የምታመሰግነን ግን በእኛ ቋንቋ አይደለም።

መ) ምልክቶቿን እንዴት እናንብብ?

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ስለ ሆነ አንዳንዶቹን እንዘርዝር።

1. አንገቷን ስትዳስሳት ዘርግታ ብትቆም። ይህ ደስታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በጋላፓጎስ ደሴቶች ታላላቅ ኤሊዎች ወፎች መዥገራቸውን እንዲለቅሙላቸው እንዲሁ አንገታቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። ቢያንስ አልፈራችህም ማለት ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

2. ጫማህን በቅርፊቷ ብትገጭ። ወንድ ኤሊዎች ሲጣሉም፣ ሴቲቱን ሲፈልጉም ይገጫሉ። ሰላምታ አይደለም።

3. ወደ ጫማህ ብትሮጥ። ቀይና ቢጫ ቀለም አበባና ፍሬ ስለሚመስላት ልትቀምሰው ፈልጋ ይሆናል።

4. «ሽሽ» የሚል ድምፅ ብታሰማ። ራሷን በድንገት ስትሰበስብ ከሳንባዋ የሚወጣ አየር ነው። ፈርታለች፤ አልተቈጣችም።

5. ስታነሣት ብትሸና። በዱር ከመሬት የሚያነሣት ጠላት ብቻ ነው። በፍርሃት የምትለቀው ውሃ ለደረቅ ጊዜ ያጠራቀመችው ስለ ሆነ ትጐዳበታለች። ስለዚህ ማቀፍ ለእኛ ፍቅር፣ ለእርሷ ግን ድንጋጤ ነው። ቅርፊቷም ደንዝዞ የቀረ ድንጋይ አይደለም፤ ሲነኩት ይሰማታል።

ሠ) በደጋ አገር ያለው አደጋ

ከሁሉ የሚብሰውን ስሕተት ለብቻው እንመልከተው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ነፋስ የሚደርሳት ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። በአገራችን የሚገኙት የየብስ ኤሊዎች ግን፣ ማለትም ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጐረጐረውና ጭኗ ላይ እሾህ መሳይ ጕጥ ያላት ትልቋ፣ የሙቅ አገር ፍጥረቶች ናቸው። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት ራሷ አታመነጭም፤ ከፀሐይና ከመሬት ትበደራለች እንጂ። ቀን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ስታገኝ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ የበላችውም ይፈጭላታል። ሲቀዘቅዛት ጡንቻዋ አይታዘዛትም፤ የበላችው ሣር ሳይፈጭ በሆዷ ይቀራል።

አሁን አንድ ሰው ከቆላ የመጣች ኤሊ በጠዋት አንሥቶ እጁ ላይ ቢያስቀምጣት ምን ያያል? አትሸሽም፤ አትታገልም፤ ዐይኗን ጨፍና ዝም ትላለች። ሰውየውም «እንዴት ለመደችኝ!» ይላል። እውነቱ ግን መሄድ አቅቷት ነው። የእጁ ሙቀት ደስ ቢላት እንኳ የምትፈልገው ፀሐይን ነው፤ እርሱን አይደለም። በቆላ አገር ዝም ማለቷ ልማድ ሊሆን ይችላል፤ በደጋ አገር ዝም ማለቷ የሕመም መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁለቱን ያልለየ ሰው ወዳጁ እየሞተ ሳለ በወዳጅነቱ ይደሰታል።

ረ) እንዴት እንፈትን?

ቀድሞውኑ ኤሊ በግቢው ያለችው አንባቢ ነገሩን በራሱ ሊመረምር ይችላል። ፀሐይ ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በደብተር ይጻፍ። በመጀመሪያ በተለመደው የመብል ሰዓት ሌላ ሰው የእርሱን ልብስ ለብሶ ጎመኑን ያቅርብ። በሁለተኛ ቀን እርሱ ራሱ ልብሱን ለውጦ በማይጠበቅበት ሰዓት ባዶ እጁን ይምጣ። በሦስተኛ ቀን ሁለት ሰዎች በትይዩ ይቁሙ፤ አንዱ እርሱ፣ ሌላው እንግዳ፤ ሁለቱም ዝም ይበሉ። ከዚያ ሦስቱን እንደገና ይድገም። ወደ ልብሱ ከሄደች ያወቀችው ቀለሙን ነው። በሰዓቱ ብቻ ከመጣች ያወቀችው ሰዓቱን ነው። ልብስም ሰዓትም ሳይኖር ወደ እርሱ ከሄደች ግን በእውነት እርሱን አውቃዋለች፤ ሊደሰትም ይገባዋል።

ሰ) የጌታው ድርሻ

ከላይ የተባለውን ስንሰበስበው፣ ኤሊ ታውቃለች፣ ታስታውሳለች፣ ትለምዳለች፤ እንደ ውሻ የምትናፍቅ ግን አትመስልም። ስለዚህ በሰውና በኤሊ መካከል ያለው ትስስር የሚመዘነው እርሷ ለእኛ በምታሳየው ሳይሆን እኛ ለእርሷ በምናደርገው ነው።

የመጀመሪያው ግዴታ ከዱር አለማምጣት ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. የገባችበት የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት የየብስ ኤሊዎችን ሁሉ ይመለከታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541ም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። ሁለተኛው፣ በግቢ ላለችው ፀሐይ፣ ሣር፣ ንጹሕ ውሃና ሌሊት የሚሞቅ መጠለያ መስጠት ነው። ሦስተኛው ዕድሜዋን ማሰብ ነው። ኤሊ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች፤ እኛ ተማሪዎች ደግሞ በአንድ ግቢ የምንቆየው አራት ዓመት ገደማ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ማን እንደሚረከባት ያላሰበ ተማሪ፣ ባይጀምር ይሻለዋል።

ነገር ግን በዚህ ረገድ የኤሊ ልማድ ከናፍቆት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ሊወረስ ይችላል። የቲሞቲ እመቤት እ.ኤ.አ. በ1780 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ዋይት ኤሊዪቱን ወደ ራሱ አትክልት ስፍራ ወሰዳት። እርሱም እስኪሞት 13 ዓመት ጠበቃት፤ እርሷም ከእርሱ በኋላ እስከ 1794 ኖረች። ያች ኤሊ ከአሮጊቷ እጅ ወደ ቄሱ እጅ ያለፈችው የሚቀበላት ሰው ስለ ነበረ ነው። ኤሊ በግቢው ያለው አንባቢም ከእርሱ በኋላ የሚረከባትን ሰው ከዛሬ ጀምሮ አብሮት እንዲመግባት ያድርግ።