ኤአይ የመከረንን ወደ በርበሬ ማሳ ከመውሰዳችን በፊት

ቆሼ ከቡታጅራ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማረቆ ከተማ ናት። የማረቆ በርበሬን የማያውቅ ገበያ የለም፤ «ማረቆ ፋና» የተባለው ዝርያም ከወረዳው አልፎ በብዙ የሀገሪቱ አካባቢዎች ይመረታል። አሁን አሁን በርበሬው በክረምት መጠውለግ ሲጀምር ቀድሞ የሚወጣው ስልክ ነው። ልጅ ፎቶ ያነሣል፣ ቻትጂፒቲን ወይም ሌላ ኤአይ ይጠይቃል፣ መልሱን ለአባቱ ያነብለታል።

ይህን ልማድ አልቃወምም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ማሽኑ ማሳ የለውም፣ የማዳበሪያ ዕዳ የለበትም፣ ምክሩ ቢሳሳት የሚጠይቀው ሰው የለም። ተጠያቂው መልሱን ከስልክ አውጥቶ ወደ ማሳ ያስገባው ሰው ነው። ይህን የምጽፈውም ስልኩን ለያዛችሁት ለእናንተ ነው።

1. አስፈቅዱ

የማሳውን ባለቤት «ለኤአይ ልጠይቅልዎ?» በሉ። ኤአይ ምን እንደሆነ የማያውቁ ከሆነ «ከኢንተርኔት ብዙ ጽሑፍና ፎቶ ተምሮ የሚመልስ ማሽን ነው፤ ይሳሳታል፤ የምንልክለት ነገር ሌላ ሀገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ሊቀመጥ ይችላል» ብላችሁ ንገሯቸው። እምቢ ካሉ እምቢታቸውን አክብሩ።

2. ከስልኩ በፊት ማሳውን እዩ

የጠወለገው ዳር ዳሩ ነው ወይስ ውኃ የሚተኛበት ቦታ? ከታች ቅጠል ጀመረ ወይስ ከላይ? አምና ምን ተዘርቶበት ነበር? ይህን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ በማረቆኛም ይሁን በሌላ፣ በሚቀናቸው ቋንቋ ይንገሯችሁ። በማረቆኛ የተጻፈ ነገር ኢንተርኔት ላይ ጥቂት ስለሆነ ማሽኑ ይህን እውቀት ከሌላ ቦታ አያገኘውም። እናንተ ካልነገራችሁት የለም።

3. ፎቶ አንሡ

ሙሉውን ተክል፣ ቅጠሉን በሁለቱም ገጽ፣ ግንዱን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ሥሩን። የሰው ፊት አይግባ። የፋይዳ ቁጥር፣ የመሬት ደብተር፣ የብድር ወረቀት በምንም ምክንያት አትላኩ። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ አዋጁ ባይኖርም የአጎታችሁ ወረቀት የእናንተ አይደለም።

4. መድኃኒት ሳይሆን ምክንያት ጠይቁ

«በርበሬዬ ጠወለገ፣ ምን ልርጭ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ማሽኑ የሚረጭ ነገር ይነግራችኋል፤ የጠየቃችሁት ያንን ነውና። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች ዘርዝር፤ አንዱን ከሌላው በዓይን ወይም በእጅ የምለይበትን ምልክት ንገረኝ፤ የኬሚካል ስምና መጠን አትጥቀስ።» ቀን ስትጽፉ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ግለጹ፤ ወይም «ዋናው ዝናብ ላይ ነን» በሉ። ከዚያ አዲስ ገጽ ከፍታችሁ ያንኑ ጥያቄ በሌላ አባባል ድገሙት። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ ማሽኑ እርግጠኛ አለመሆኑን በነፃ አወቃችሁ ማለት ነው።

5. የተቀናበረው መልስ እንዳያታልላችሁ

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ይህ ደረጃ ነው፤ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

መልሱ ንጹሕ አማርኛ፣ በተራ ቁጥር የተደረደረ፣ የማያወላውል ሆኖ ይመጣል። ሰው እንዲህ ሲናገር ያውቃል ብለን እናምናለን። ማሽኑ ግን ሲያውቅም ሳያውቅም የሚናገረው በአንድ ድምፅ ነው። የአነጋገሩን ልበ ሙሉነት የእውነት ማስረጃ አድርጋችሁ አትውሰዱ።

የማያውቅበትም ምክንያት አለው። በዕፅዋት በሽታ ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው የፎቶ ስብስቦች አንዱ «ፕላንት ቪሌጅ» ነው። 14 የሰብል ዓይነቶችና ከ54 ሺህ በላይ ፎቶዎች አሉት። ከበርበሬ ዘር ያለው ግን ፈረንጆቹ የሚያመርቱት የማያቃጥለው ቃሪያ ብቻ ሲሆን፣ እሱም «ጤነኛ» እና «የባክቴሪያ ነጠብጣብ ያለበት» ተብሎ ለሁለት ብቻ ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በዚሁ ስብስብ የሠለጠነ ፕሮግራም ከስብስቡ ውስጥ ተለይተው በተቀመጡ ፎቶዎች ሲፈተን ከ99 በመቶ በላይ አገኘ። በሌላ ሁኔታ በተነሡ ፎቶዎች ሲፈተን ግን ወደ 31 በመቶ ወረደ። ሥልጠናው በተስተካከለ ብርሃን፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተቀመጠ ነጠላ ቅጠል ነበር፤ የእናንተ ፎቶ ጭቃና አረም፣ ደመናም አለበት።

በሰው ፊት ላይም ይኸው ታይቷል። አዲስ አበባ የተወለደችው የኤአይ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ጾታን ከፊት የሚለዩ የኩባንያ ፕሮግራሞች ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ የሚሳሳቱት ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ ግን ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ ተገኝቷል። ማሽን የሚሳሳተው በብዛት ባላየው ላይ ነው። የማረቆን ማሳ ደግሞ በብዛት አላየም።

ስለዚህ የሰጣችሁን ምክንያቶች በእጃችሁ ፈትኑ። የጠወለገ ተክል ነቅላችሁ ግንዱን ከሥሩ ከፍ ብሎ ቁረጡና ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁርጡ ላይ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው፤ ለፈንገስ የሚሸጥ ኬሚካል ምንም አይረዳውም፣ ገንዘባችሁ ብቻ ይሄዳል። ክሩ ካልታየ ግንዱን ለሁለት ሰንጥቁት፤ ውስጡ ቡናማ ከሆነ ፈንገስ ይጠረጠራል። ግንዱ አፈሩ ላይ ጠቁሮ ከበሰበሰና ማሳው ውኃ ከተኛበት ቦዩን መክፈት ከርጭት ይቀድማል። ቅጠሉ ዝንጉርጉር ሆኖ ከተጨማደደ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ቫይረስን የሚያድን ርጭት የለም፤ ጥንቃቄው እሱን በሚያዛምቱ እንደ ክሽክሽ ባሉ ነፍሳት ላይ ነው። ይህ ፈተና ባለሙያን አይተካም፤ ነገር ግን ማሽኑ ከተናገረው ውስጥ ስንቱ እንደሚወድቅ ያሳያችኋል።

ስለ መጠን ደግሜ እናገራለሁ፦ የኬሚካል መጠን ከኤአይ አትቀበሉ። አንዱ ምርት ከሌላው በጥንካሬ ይለያል፤ ማሽኑ ሱቅ ያለውን ዕቃ አላየም፤ ለሌላ ሀገር በጋሎንና በኤከር የተጻፈውንም እንደ እኛ አድርጎ ሊነግራችሁ ይችላል። ትክክለኛው መጠን ዕቃው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ነው ያለው። ጽሑፉ በሄክታር 2 ኪሎ ካለ ለሩብ ሄክታር 500 ግራም ነው። መጀመሪያ በባዶ ውኃ ረጭታችሁ ስንት መርጫ እንደሚፈጅ እወቁ፤ 10 ከፈጀ ለአንዱ 50 ግራም ይደርሰዋል። በዕቃው ላይ ያለው ቀለም ቀይ ከሆነ እጅግ መርዛማ ነው፤ ከቀዩ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ አረንጓዴ ይመጣል። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበትም እዚያው ተጽፏል። ያ በርበሬ ደርቆ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ የሰው ወጥ ውስጥ ይገባል፤ የማታውቁት ልጅ ይበላዋል። ይህን ቀን አታሳጥሩ፤ ማሽኑ ቢፈቅድላችሁም አታሳጥሩ።

6. ለሚጠየቅ ሰው አሳዩ

ፎቶውን፣ የብርጭቆውን ውጤት፣ የማሽኑን መልስ ይዛችሁ የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ አግኙ። ካልተገኘ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 ነፃ የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር አለ። «ኤአይ እንዲህ ብሏል፣ እኔ ደግሞ ይህን አየሁ» ብላችሁ ለዩለት። ባለሙያው ከማሽኑ ጋር ካልተስማማ ምክንያቱን ጠይቁት፤ የማረቆን መሬት ረግጦ ያውቀዋልና የእሱ ቃል ይቅደም።

7. ስታስተላልፉ ምንጩን ተናገሩ

ጎረቤት «ምን ረጫችሁ?» ማለቱ አይቀርም። «ባለሙያ ነው ያለው» እና «ኤአይ ነው ያለው» አንድ አይደሉም፤ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ንገሩት። ያልተረጋገጠ የማሽን መልስ በቴሌግራም ቡድን አትበትኑ። የእናንተን ማሳ ያልጎዳ ምክር የሌላውን ሊጎዳ ይችላል፤ የተላለፈ መልእክት ደግሞ ተመልሶ አይሰበሰብም።

8. መዝግቡ

ማሽኑ ምን አለ፣ ባለሙያው ምን አለ፣ ምን አደረጋችሁ፣ በርበሬው ምን ሆነ፤ አራቱን በአንድ ደብተር ጻፉ። በ2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቋል፤ ሀገር በቀል መረጃ ያስፈልጋል የሚለው ንግግርም በየመድረኩ ይሰማል። ስለ ማረቆ በርበሬ የሚሆነውን መረጃ ሌላ ማንም አይጽፍላችሁም። ደብተሩን በባለቤቱ ፈቃድ ለልማት ሠራተኛው አሳዩት፤ በሚቀጥለው ክረምትም ማሽኑን ከመጠየቃችሁ በፊት ደብተሩን ክፈቱ።